የአልኮል መብራቱ ውሃ ማፍላት ለምን አቃተው?

ከደብረ ብርሃን የጻፉልኝ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ቤተ ሙከራቸው ጋዝ ስለሌለው የሚሠሩት በአልኮል መብራት ነው። እሳቱ ግን ቶሎ ይደክማል፣ ክሩ ይከስላል፣ አንድ ቢከር ውሃ ሳይፈላ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። የሚጠቀሙት ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 ፐርሰንት አልኮል ነው።

መምህር፣ መብራቱን ተዉት፣ ችግሩ አልኮሉ ነው። 70 ፐርሰንቱ ለቁስልና ለእጅ ማጽጃ የተዘጋጀ ነው። የቀረው ውሃ ስለሆነ አልኮሉ ቀድሞ ይነድና ውሃው ክሩ ላይ ይጠራቀማል፣ እሳቱም እያነሰ ይሄዳል። 95 ወይም 96 ፐርሰንቱን ይግዙ። ሻጩን ካላመኑት አንድ የሻይ ማንኪያ ብረት ሳህን ላይ ያድርጉ፣ ጠርሙሱን ከድነው ራቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ይለኩሱ። እሳቱ ሲጠፋ ሳህኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ውሃ ከቀረ ተበርዟል፤ ጥሩው የሚተወው ትንሽ እርጥበት ብቻ ነው። ሳኒታይዘር ጄል አይሞክሩ፣ ማወፈሪያው ክሩን ይደፍነዋል። ነጭ ጋዝም አይቀላቅሉ፤ በኪሎ ሲታይ ሙቀቱ ከአልኮል እንደሚበልጥ አውቃለሁ፣ 43 ሜጋጁል ለ27 ገደማ ነው፣ ግን የሚያተርፉት ጥላሸት ነው።

ክሩ ጥጥ ይሁን። ናይሎን የተቀላቀለበት ይቀልጣል። የከሰለውን ጫፍ በመቀስ ይቁረጡና ከአንገቱ በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። አልኮሉ ሲያልቅ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል፣ የሚከስለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ከሲሶ በታች ሳይወርድ ይሙሉት፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ግን አይሙሉ።

አንድ ቢከር ሙሉ ውሃም ለዚህች መብራት ብዙ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የቢከሩ ቂጥ የነበልባሉን ጫፍ ይንካ እንጂ ክሩ ላይ አይጫን፣ ነፋስ ካለ መስኮቱን ይዝጉ። በእናንተ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ተማሪዎቹ ቴርሞሜትሩ 100 እስኪደርስ እንዳይጠብቁ።

አሁን የምጽፈውን ግን እባክዎ ለረዳትዎም ያንብቡለት። የሚነድ ወይም ገና የጋለ መብራት ላይ አልኮል በፍጹም አይጨመርም። የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ የጠፋ መስሎት ጀሪካን ይዞ የሚጠጋ ሰው አለ፣ እሳቱም በሚፈሰው አልኮል ላይ ተሳቦ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። ሊያልቅ የደረሰ ዕቃ ደግሞ ከሙሉው ይብሳል፤ በክፍል ሙቀት ውስጡ ያለው የአልኮል ትነትና አየር ድብልቅ የሚፈነዳ ነው። ክዳኑን ደፍተው ያጥፉ፣ በአፍ አይንፉ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ከፍተው መልሰው ይክደኑ፣ አለበለዚያ ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል። ሲሞሉም መጀመሪያ በእጅዎ ጠርሙሱን ነክተው መቀዝቀዙን ያረጋግጡ፣ በፈነል ይሙሉ፣ የፈሰሰውን ጠርገው ዋናውን ጀሪካን ከክፍሉ ያስወጡ፣ ያኔ ይለኩሱ።

ጠረጴዛ ላይ ፈሶ ከተቀጣጠለ እርጥብ ጨርቅ ይጣሉበት። አልኮል ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ብዙ ውሃም ያጠፋዋል። ክሩን የሚይዘው የሸክላ አንገት የተሰነጠቀ ወይም ክሩ የሚላላበት መብራት ካለ ደግሞ አይጠግኑት፣ እሳቱ ወደ ጠርሙሱ የሚገባበት ቀዳዳ ነውና ይጣሉት።