ስድስት ሠራተኛ ላለው ሰው የሠራተኛ አያያዝ ምን ያደርግለታል? ጥያቄና መልስ

ጥቃቅን ድርጅት የምትመሩ ሰዎች ስለ ሠራተኛ ጉዳይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች እነዚህን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ያሉኝ ስድስት ሠራተኞች ናቸው። የሰው ኃይል አስተዳደር የትልልቆቹ ጉዳይ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም ወንድሜ! መቶ ሠራተኛ ካለው ድርጅት አንድ ሰው ቢለቅ ሥራው ይቀጥላል። ካንተ ስድስት አንዱ ሲሄድ ግን ደንበኞቹን በስም የሚያውቃቸው ሰው ሊሆን ይችላል የሄደው። ፎርምና ማኅተሙን ለትልልቆቹ ተውላቸው፤ ቁም ነገሩ ግን ካንተ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ እውነት ትርፍ ያመጣል?

መልስ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ተመራማሪው ማርክ ሁሴሊድ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመው ጥናት 1,000 ገደማ የአሜሪካ ድርጅቶችን አይቷል። የሠራተኛ አያያዛቸው የተሻለው ዘንድ የሚለቀው ሰው ያነሰ፣ ምርታማነቱም ከፍ ያለ ነበር። ግን ሁሉም ከ100 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ናቸው። ደግሞም ያተረፈ ድርጅት ሠራተኛውን ለመንከባከብ አቅም አለው፤ የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ቀላል አይደለም። እኔ ትርፍ እንደሚያመጣ የማምነው፣ ሰው ሲለቅ የሚባክነውን ጊዜ ቆጥሬ ነው።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ አፉ ማር የሆነ ሰው ቀጥሬ ሥራ ላይ ባዶ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ በእኔም ደርሷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂ፤ ነጥቡንም ሰውየው እንደወጣ ጻፊ። ከሁሉ በላይ ሥራውን አሠሪው። አንድ ጊዜ ሒሳብ ሠራተኛ ስፈልግ ለሦስት አመልካቾች የአንድ ሳምንት ደረሰኝ ሰጠኋቸው። በቃለ መጠይቁ ድምጿ እንኳ በቅጡ ያልተሰማው ልጅ ሁለቴ የተመዘገበ ደረሰኝ አውጥታ አሳየችኝ። የቀጠርኳት እሷን ነው። ሙከራው ከአንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ ግን ክፈይ፤ የሰው ጉልበት በነፃ አይወሰድም።

ጥያቄ፦ ዘመድ ልቅጠር?

መልስ፦ ፈተናውን እንደ ሌላው ካለፈ ቅጠር።

ጥያቄ፦ ደመወዝ መጨመር አልችልም፣ ሰው ግን እየለቀቀብኝ ነው።

መልስ፦ መቼ ነው የሚለቁት? በመጀመሪያው ወር ከሆነ አቀባበሉን ፈትሽ። አዲስ ሰው ገብቶ ምን እንደሚሠራ ሳይነገረው ጥግ ላይ ከቆመ፣ ልቡ ያን ቀን ነው የሚሸፍተው። ሥራ የሚያሳየው አንድ ሰው መድብለት። ከቆዩ በኋላ ከሆነ የሚለቁት፣ ያሉትን ለየብቻ አስቀምጠህ "ምን ቢስተካከል ትቆያለህ?" በል። ደመወዙንም በቀኑ ክፈል። መጨመር ባትችል ማዘግየት የለብህም።