ውኃ ሲያድርና አየር ሲያገኝ ፒኤቹ ለምን ይለወጣል? ጥያቄና መልስ

ቤታችሁ በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ዓሣ የምታኖሩ ሰዎች ሰሞኑን ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከቧንቧ እንደተቀዳ የተለካው ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ውኃው ካደረ በኋላ ሌላ ይሆናል፤ ሰውም ግራ ተጋብቶ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። በዚህ ሩጫ የሚያልቁት ዓሦች ስለሚያሳዝኑኝ ጥያቄዎቹን በአንድነት ለመመለስ ወሰንኩ።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ የምንጠቀመው የጉድጓድ ውኃ ነው። ስቀዳው ፒኤቹ 6.8 ነበር፤ በባልዲ አሳድሬ ጠዋት ስለካው 7.8 ሆነ። መለኪያዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መለኪያዎ ደህና ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ሥሮችና ጥቃቅን ሕዋሳት የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። ይህ ጋዝ ውኃ ውስጥ ካርቦኒክ አሲድ ስለሚሆን ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ ያቆየዋል። ውኃው ወጥቶ አየር ሲያገኝ ትርፉ ጋዝ ይበንናል፤ አሲዱም አብሮት ይሄዳል፤ አሲዱን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት ግን እዚያው ይቀራል። የጋዙ መጠን በግማሽ ሲቀንስ ፒኤች በ0.3 ያህል ይጨምራል፤ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ደግሞ በ1 ሙሉ ይጨምራል። የእርስዎ ባልዲ ሌሊቱን ከአሥር እጅ ዘጠኙን ጋዝ አስወጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ጋዝ ወጣ» የሚሉትን በዓይን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። አንድ ጠርሙስ አምቦ ውኃ ይክፈቱና ወዲያውኑ ትንሽ ወደ መለኪያው ብልቃጥ ቀድተው በቀለሙ ፒኤችን የሚያሳየውን የፒኤች ጠብታ ይጨምሩ። በተለመደው ጠብታ ውኃው ቢጫ ይሆናል። የቀረውን በሰፊ ሳህን ገልብጠው የአየር ፓምፕ አረፋ እየሰጡ ያሳድሩት። በማግሥቱ ያው ጠብታ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ምንም አልጨመሩበትም፤ የሄደው ጋዙ ብቻ ነው፤ ምላስ የሚቆነጥጠው ጣዕምም አብሮት ሄዷል። ሳህኑ ግርጌ ነጭ ዝቃጭ ቢያዩ አይደንግጡ። ጋዙ ሲወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የአየር ፓምፕ ፒኤች ይጨምራል ብዬ ልያዝ?

እንዲህ ብለው ባይይዙት ይሻላል። ፓምፑ ውኃውን ከክፍሉ አየር ጋር ያስታርቀዋል፤ አቅጣጫውን የሚወስነው ውኃው ከየት እንደተነሣ ነው። ጋዝ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ፒኤቹ ይወጣል። ቧንቧው እንዳይበላ ተብሎ በማጣሪያ ጣቢያ ኖራ የተጨመረበት ውኃ ግን ጋዝ ስለሚጎድለው ከአየር ይስባል፤ ፒኤቹም ሲያድር ይወርዳል። ንጹሕ የዝናብ ውኃ ምንም ያህል አየር ቢነፋበት ወደ 5.6 አካባቢ ይቆማል፤ ውስጡ አሲድ የሚያለዝብ ነገር የለምና።

የት እንደሚቆም የሚወስነው የባይካርቦኔቱ መጠን፣ እኛ ኬኤች የምንለው ነው። ከአየር ጋር የተስተካከለ ውኃ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በዚህ ስሌት ኬኤች 1 የሆነ ውኃ 7.8 አካባቢ፣ ኬኤች 4 የሆነው ደግሞ 8.4 አካባቢ ይቆማል። አኳሪየም ውስጥ ዓሦቹ ስለሚተነፍሱ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያገኙታል። ስለዚህ የፒኤች መለኪያ ብቻ ገዝቶ ኬኤችን የተወ ሰው ግማሹን ብቻ እያየ ነው።

ለአዲስ አበባ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። የከተማችን ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦችም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይመጣል። የግድብና የጉድጓድ ውኃ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሌላ ሰፈር ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ቁጥር ከመቀበላችሁ በፊት የራሳችሁን ቧንቧ ለኩ።

ጥያቄ፦ ውኃውን በጀሪካን ሞልቼ ክዳኑን ዘግቼ ሦስት ቀን አስቀምጣለሁ። ይበቃል?

እስከ አፉ ሞልተው ከከደኑት ሦስት ሳምንትም ቢቀመጥ ጋዙ መውጫ የለውም። አፈ ሰፊ ባልዲ ወይም ሳፋ ተከፍቶ አንድ ቀን ቢያድር ይበልጣል፤ አረፋ የሚሰጥ ፓምፕ ካለ ደግሞ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። ጀርም እንዲገድል በቧንቧ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪንም በዚያው ይወጣል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ እኔም እንዲሁ አሳድሬ እጠቀማለሁ፤ ዓሦቼ ግን ውኃ በቀየርኩ ቁጥር ይታመሙብኛል።

እህቴ፣ የዋሽንግተን ከተማ ውኃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ ዓመቱን አብዛኛውን በክሎራሚን ነው የሚታከመው። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት ስለሆነ እንደ ክሎሪን በማሳደር አይወጣም። ክሎራሚንን እንደሚያጠፋና አሞኒያን እንደሚይዝ በግልጽ የተጻፈበት ማከሚያ ይጠቀሙ፤ አየር መስጠቱን ግን ለፒኤቹ ሲሉ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠርቷል። ከእርሱ ብቀዳስ?

አሁን አይቅዱ። ከአዲስ ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ ፒኤቹን ከ10 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ደጋግመው ይሙሉት፣ ያሳድሩት፣ ይድፉት፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ይለኩ። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከዚህ ስጋት ነጻ ነው፤ ብርሃን እየገባ አረንጓዴ ከያዘ ግን አልጌው ቀን ቀን ጋዙን ስለሚመጠው ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ከፍ ብሎ፣ ጎሕ ሲቀድ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ለኒዮን ቴትራ ዓሦቼ ብዬ ሎሚ ጨምሬ ፒኤቹን 6.5 አደረስኩት፤ በማግሥቱ ተመልሶ ወጣ። እንደገና ልጨምር?

አትጨምር፣ ወንድሜ። አሲዱ የባይካርቦኔቱን ጥቂት ክፍል በልቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጦታል። ትናንት ያየኸው 6.5 በአብዛኛው የዚያ ጋዝ ሥራ ነበር፤ ጋዙ ሲወጣ ፒኤቹ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግመህ ደጋግመህ ከጨመርክ አንድ ቀን ባይካርቦኔቱ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ፒኤቹ ሳትጠብቀው ይወድቃል። ዓሣ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ከሚኖር 7.8 ላይ ረግቶ ቢኖር እመርጥለታለሁ። የግድ ለስላሳ (ኬኤቹ ዝቅ ያለ) ውኃ ካስፈለገ የቧንቧውን ውኃ በንጹሕ ዕቃ ከተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ጋር አደባልቅ፤ ኬኤቹ ሲቀንስ ፒኤቹም ተከትሎት ይወርዳል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከአዲስ አበባ በፕላስቲክ ከረጢት የማመጣቸው ዓሦች በደህና ይደርሳሉ። ከረጢቱን ከፍቼ አየር እየሰጠሁ ቀስ በቀስ ሳለማምዳቸው ግን ይሞታሉ።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በመንገድ ላይ ሁለት ነገሮች ይጠራቀማሉ፤ ዓሦቹ የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሚያስወጡት አሞኒያ። ጋዙ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙም ጉዳት በሌለው በአሞኒየም መልኩ ይቆያል። 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው አሞኒያ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። 8 ላይ ከመቶ 5 ያህል ይደርሳል፤ 9 ላይ ከሲሶ ይበልጣል።

እርስዎ ከረጢቱን ከፍተው የአየር ቱቦ ሲያስገቡበት ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ፒኤቹ ሽቅብ ይወጣል፣ ለሰዓታት የተጠራቀመውም አሞኒያ በአንድ ጊዜ መርዝ ይሆናል። ለዓሦቹ የሚያስቡት ደግነት የሚጎዳቸው በዚህ መንገድ ነው። ከረጢቱን ሳይከፍቱ አኳሪየሙ ላይ ያንሳፉትና ሙቀቱ ይመጣጠን። ከዚያ ከፍተው ዓሦቹን በመረብ አንሥተው ያስገቧቸው፤ የከረጢቱን ውኃ ይድፉት። የሻጩን ውኃ ኬኤች አስቀድመው ጠይቀው የሚቀበሉበትን ውኃ ከዚያ ጋር ቢያቀራርቡት ማለማመዱም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ዓሦቼ አፋቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ፒኤቹም ይወርዳል። ምን ልጨምርበት?

ለፒኤቹ ምንም አይጨምሩ፤ ፓምፑ ሲቆም የተጠራቀመው ጋዝ ነው ያወረደው፣ አረፋው ሲመለስ ይስተካከላል። የሚያስፈራው የኦክሲጅኑ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ በጅቡቲ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን መያዝ ሲችል እዚህ ከ6.2 ብዙ አያልፍም። በቆላ አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» የሚል ምክር ለደጋው ሰው ልክ አይሆንም። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ይኑርዎት፤ እስኪገኝ ድረስ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው ያፍስሱት፣ ምግብም አይስጡ።

ጥያቄ፦ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ አኳሪየም ማስቀመጥ ችግር አለው?

ፓምፑ የሚነፋው የዚያኑ ክፍል አየር ነው። በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጨምር የአኳሪየሙ ፒኤች ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ያልፋል። የዕጣኑ ጭስ ግን ባይገባ ይሻላል፤ ፍሊት የሚነፉ ከሆነ ፓምፑን ማጥፋትና አኳሪየሙን መሸፈን ግዴታ ነው። መስኮቱንም ለሰዎቹ ሲሉ ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ አየር ቀን ከሌት እየሰጠሁ የቆየው አኳሪየሜ ፒኤች ግን ወር በወር እየወረደ 6.2 ደርሷል። ለምን አይነሣም?

አየር የሚያስወጣው ጋዝን ብቻ ስለሆነ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትሬት ሲለውጡ አሲድ ይፈጠራል፤ ያም አሲድ ባይካርቦኔቱን ይጨርሰዋል። ለማረጋገጥ አንድ ብርጭቆ ቀድተው አረፋ እየሰጡ ያሳድሩና ይለኩት። ከተነሣ ጥፋቱ የጋዝ ነው፤ እዚያው 6.2 ላይ ከቀረ ኬኤቹ አልቋል። ውኃውን በየጥቂት ቀኑ በትንሽ በትንሹ ይለውጡ። የቧንቧዎ ውኃ ራሱ ለስላሳ ከሆነ 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ የ100 ሊትር ውኃን ኬኤች በ1 ያሳድጋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ስለሆነ አይሳሳቱ። ከመጀመርዎ በፊት አሞኒያውን ይለኩ፤ ካለ መጀመሪያ ውኃ በመቀየር ያውጡት፤ ፒኤቹን ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ያንሡት።