ቡካናንም ልምድ ነበራቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ምርጫ በቀረበ ቁጥር የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «እገሌ ለፕሬዚዳንትነት አይበቃም» ይላል፤ ሌላው «አገሪቱን ያበላሿት ያኛው ናቸው» ይላል። ዛሬ በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ላይ ከተነሡት መካከል መልስ የሚገኝላቸውን መርጫለሁ። ስድብ የበዛባቸውን ትቻለሁ፤ ስለዚህ ብዙ ቀርቷል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአጎቴ ጋር ከተኮራረፍን ሰነበትን። እሱ «የመንግሥት ሥራ ልምድ የሌለው ሰው ዋይት ሐውስ መግባት የለበትም» ባይ ነው። እኔ ደግሞ አገሪቱን ችግር ውስጥ የከተቷት ልምድ ያላቸው ናቸው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሂድና አጎትህን ይቅርታ ጠይቅ፤ ክርክሩ ይደርሳል።

በወረቀት ላይ ካየነው ከጄምስ ቡካናን የበለጠ የተዘጋጀ ዕጩ ማግኘት ይከብዳል። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበሩ፣ ሴናተር ነበሩ፣ በሩሲያና በብሪታንያ አገራቸውን ወክለዋል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆነዋል። በ1857 ሥልጣን ያዙ። በ1861 ሲለቁ ሰባት ግዛቶች ተገንጥለው ነበር። አቋማቸው ምን ነበር መሰለህ? መገንጠል ሕገ ወጥ ነው፤ ይሁን እንጂ የፌዴራል መንግሥቱ በኃይል ሊያስቆመው ሥልጣን የለውም። የተኳቸው አብርሃም ሊንከን ደግሞ በኢሊኖይ ምክር ቤት ከመቀመጣቸው ሌላ በዋሽንግተን የነበራቸው የአንድ ዘመን የተወካይነት ሥራ ብቻ ነው፤ እሱም ከ1847 እስከ 1849። ለሴኔት ሁለት ጊዜ ሞክረው አልተሳካላቸውም። ግዛት አላስተዳደሩም፣ ሚኒስትር አልሆኑም።

ይህን ይዘህ «አሸነፍኩ» እንዳትል። ያለ ልምድ የመጣ ሁሉ ሊንከን አይሆንም። የልምድን ጥቅም ማየት ከፈለግህ ሊንደን ጆንሰንን ተመልከት። የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሆነው ስለሠሩ የሴናተሮቹን ፍላጎትና ፍርሃት አብጠርጥረው ያውቁ ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶችን ሕግ ተቃዋሚዎች በንግግር ብዛት ሊገድሉት ሲሞክሩ፣ ክርክሩን ለመዝጋት 71 ለ29 ድምፅ ተገኘ። ያለ ጆንሰን ግፊት ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

እኚሁ ጆንሰን በኤፕሪል 1965 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቆመው ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ልማት የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ አቀረቡ፤ የሜኮንግን ወንዝ ማልማትም አለበት። የሚዋጓትን የሰሜን ቬትናም መሪ ሆ ቺ ሚንን ለወረዳው ግድብ እንደሚለማመጥ ሴናተር ነበር ያዩአቸው። ሆ ቺ ሚን ግን የሚሸጥ ድምፅ አልነበራቸውም። በ1968 ቬትናም የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ከ500 ሺህ በልጠው ነበር፤ በዚያው ዓመት ማርች 31 ጆንሰን ዳግም እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። ሰውዬው ያው፣ ልምዱም ያው፣ ውጤቱ ግን ሁለት። እንግዲህ አጎትህን «የምን ልምድ? የሚጠብቃቸውስ ሥራ ያንን ይመስላል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። እሱም መልሶ ይጠይቅህ፤ ለሁለታችሁም እኩል የሚከብድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን ክርክር የተረታ ዕጩ አገር መምራት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። ክርክሩ የሚፈትነው ክርክርን ነው። በ1976 ጄራልድ ፎርድ ሶቪየት ኅብረት ምሥራቅ አውሮፓን አልተቆጣጠረችም ብለው ሰውን ሁሉ አስደነገጡ፤ ስለ ጉዳዩ ግን ከተመልካቹ ሁሉ የበለጠ ያውቁ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ መድረኩ የተሸሸገውን ያወጣል። በጁን 27፣ 2024 ጆ ባይደን በክርክሩ ላይ የታዩበት ሁኔታ የገዛ ፓርቲያቸውን አስጨነቀ፤ ወር ሳይሞላ ከውድድሩ ወጡ። ተመልካች ከአንደበት ስሕተት ይልቅ እንዲህ ያለውን ቢያጤን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው አሜሪካ የመጣነው። እሳቸው እስከ ዛሬ «ካርተር ኢኮኖሚውን ገደሉት፣ ሬገን አስነሡት» ይላሉ። እኔ ካርተርን እወዳቸዋለሁ። እርስዎ ይዳኙን።

መልስ፦ እመቤቴ፣ የዘመኑን ኑሮ እናንተ በኪሳችሁ ስላወቃችሁት እኔ የምጨምረው የጀርባውን ታሪክ ነው።

ታሪኩ ከካርተር በፊት ይጀምራል። በኦገስት 15፣ 1971 ሪቻርድ ኒክሰን ዋጋና ደመወዝ ለ90 ቀናት ባለበት እንዲቆም አዘዙ፤ የዶላርንና የወርቅን ትስስርም በዚያው ምሽት ቆረጡ። ሕዝቡ ወደደው። በ1972 ኒክሰን 49 ግዛቶችን ጠርገው ወሰዱ። ቁጥጥሩ መልኩን እየቀያየረ እስከ ኤፕሪል 1974 ቆየ፤ የዚያ ዓመት የዋጋ ንረት ግን ከ10 በመቶ በላይ ሆነ። የሚያስገርመኝ ኒክሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዋጋ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሠርተው ነገሩ እንደማያዋጣ ማወቃቸው ነው። ባለማወቅ የተሳሳተ መሪ አንድ ነገር ነው። ኒክሰን ግን እያወቁ፣ ምርጫውን አስበው አደረጉት። እኔን ከጠየቁኝ በዚያ ዘመን ከተፈጸሙት ጥፋቶች ከባዱ ይህ ነው፤ ሰው ግን ኒክሰንን ሲወቅስ ዋተርጌትን ብቻ ያነሣል።

ካርተር ሲመጡ ንረቱ ሥር ሰዷል። የኢራን አብዮት ደግሞ ነዳጁን አስወደደው፤ በ1979 ንረቱ ከ13 በመቶ አለፈ። በዚያው ዓመት ኦገስት ካርተር ፖል ቮልከርን የማዕከላዊ ባንኩ ሊቀ መንበር አደረጓቸው። ቮልከር ገንዘቡን አጠበቁት፤ ወለዱ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። ቤት መግዛት ሕልም ሆነ፤ ካርተርም በ1980 ምርጫ 44 ግዛቶችን ለሬገን አስረከቡ። እርግጥ ለሽንፈታቸው በቴህራን ለ444 ቀናት የታገቱት 52 አሜሪካውያንም ድርሻ አላቸው።

ታዲያ ሬገን ምን አደረጉ? ቮልከርን አላባረሩም። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ፣ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች እየጮኹ፣ ሐኪሙ ቮልከር ሥራውን እንዲጨርስ ተዉት፤ በ1983ም ለሁለተኛ ዘመን ሾሟቸው። ንረቱም ከ4 በመቶ በታች ወረደ። መድኃኒቱን ያዘዙት ካርተር ናቸው፤ ምሬቱን ችለው ያስጨረሱት ሬገን። ባለቤትዎ ግማሹን አግኝተዋል፤ እርስዎም ግማሹን። ዳኝነቴ ማንንም እንደማያስደስት አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ኢራቅ ጦርነት ዛሬ ሁሉም ጥበበኛ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደለም እንዴ? በጊዜው ማን ያውቅ ነበር?

መልስ፦ ኢራቅ አላት ስለተባለው ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ብቻ ከሆነ በከፊል እስማማለሁ። በኦክቶበር 2002 ሴኔቱ ለጦርነቱ ፈቃድ የሰጠው 77 ለ23 ነው፤ ከሁለቱም ፓርቲዎች ብዙ ሰው ተሳስቷል። ከወረራው በኋላ ስለሆነው ግን ምሳሌው አይሠራም። ውሻውማ ጅቡ ሳይመጣ ጮኾ ነበር፤ ዝም በል ተባለ እንጂ። በፌብሩዋሪ 2003 የምድር ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኤሪክ ሺንሴኪ አገሪቱን ለማረጋጋት በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ሳያስፈልግ እንደማይቀር ለሴኔት ኮሚቴ ተናገሩ። ቀናት ሳይቆዩ ምክትል መከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ግምቱን በአደባባይ አጣጣሉት። በሜይ አሜሪካ ኢራቅን እንዲያስተዳድሩ የሾመቻቸው ፖል ብሬመር የኢራቅን ጦር በተኑ። መሣሪያ የለመደ፣ ሥራና ደመወዝ የሌለው ሰው በገፍ ጎዳና ላይ ወጣ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ያለፉ መሪዎችን ስንመዝን እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ነበር? ከሰሙስ ምን አደረጉ? ኸርበርት ሁቨር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቤልጂግ ሕዝብ ምግብ በማድረስ ዓለም ያደነቃቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ የሥራ ችሎታቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። በ1930 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚያንረው የስሙት-ሆውሊ ሕግ ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ፣ እንዳይፈርሙ የሚማጸን የ1,028 የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ደብዳቤ ቀርቦላቸው ነበር። በጁን 17 ፈረሙ። ሌሎች አገሮች አጸፋውን መለሱ፤ የዓለም ንግድ ይበልጥ ተሽመደመደ። የኢኮኖሚ ውድቀቱን ያመጣው ያ ሕግ ነው ማለት ማጋነን ነው፤ በቁስል ላይ ጨው ነው ብል ግን የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

በተቃራኒው ጆን ኬኔዲን እናንሣ። በኤፕሪል 1961 ወደ 1,400 የሚጠጉ የኩባ ስደተኞችን የካስትሮን መንግሥት እንዲጥሉ ኩባ ወዳለው የአሳማ ባሕረ ሰላጤ ላኩ፤ ዘመቻው በሦስት ቀን ከሸፈ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተማረኩ። ኃላፊነቱን በይፋ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የለወጡት ግን ይበልጥ ይገርመኛል። በኦክቶበር 1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ ባስቀመጠችው የኑክሌር ሚሳይል ሳቢያ ቀውስ ሲመጣ አማካሪዎቻቸው ፊት ለፊት እንዲሟገቱ አደረጉ፤ በነጻነት እንዲናገሩም አንዳንዴ ራሳቸው ከስብሰባው ይቀሩ ነበር። የጦር አዛዦቹ ኩባ ትደብደብ እያሉ ሲገፏቸው እሺ አላሉም። ቢል ክሊንተን በ1994 የፈረሙት የወንጀል ሕግ የእስረኞችን መብዛት እንዳባባሰ በ2015 አምነዋል። ባራክ ኦባማም ከሊቢያ ጣልቃ ገብነት በኋላ ለሚመጣው አለመዘጋጀታቸው ትልቁ ስሕተታቸው እንደነበር በ2016 ተናግረዋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ክሊንተን ያመኑት ከወረዱ ከዓመታት በኋላ፣ ኦባማ በመጨረሻው ዓመታቸው ነው። ኬኔዲ ገና በሦስተኛ ወራቸው አምነው አሠራራቸውን ለወጡ።

ጥያቄ፦ ሁሉም «የወረስኩት ነው» ይላል። ውርሱ መቼ ነው የራስ የሚሆነው?

መልስ፦ ካቡልን እንመልከት። የአሜሪካ ጦር ከአፍጋኒስታን የሚወጣበትን ስምምነት በፌብሩዋሪ 2020 በዶሃ ከታሊባን ጋር የተፈራረመው የትራምፕ አስተዳደር ነው፤ የአፍጋኒስታን መንግሥት በድርድሩ አልነበረበትም፤ ቀነ ገደቡም ሜይ 1፣ 2021 ነበር። ባይደን ያንን ወረሱ። ነገር ግን ቀኑን ገፋ አድርገዋል፤ ስለዚህ እጃቸው ሙሉ በሙሉ የታሰረ አልነበረም። ኦገስት 15 ካቡል ወደቀች፤ ኦገስት 26 በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ በደረሰው ፍንዳታ 13 የአሜሪካ ወታደሮችና ከ150 በላይ አፍጋኖች ሞቱ። የመውጣቱ ውሳኔ የሁለቱም ነው፤ የአወጣጡ መንገድ የባይደን ነው። የሃያ ዓመቱ ጦርነት ግን የአራት ፕሬዚዳንቶች ነው፤ ከደብዳቤ ጸሐፊዎቼ አንዱም አራቱን አብሮ አልወቀሰም።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹ መሪዎች ግን ይሻሉ ነበር፤ አይደለም?

መልስ፦ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። በሁሉም ዘንድ የሚከበሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 1942 በፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገብተዋል፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ዕጩዎች አይረቡም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጧል? ቤቴ ልቀመጥ?

መልስ፦ ቢቀመጡም ሌላው ይመርጥልዎታል። ደግሞ የምርጫ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ1919 ውድሮው ዊልሰን የአልኮል ክልከላውን ማስፈጸሚያ ሕግ አልፈርምም ብለው ቢመልሱት ኮንግረስ ከእሳቸው በላይ ሆኖ አጸደቀው፤ እስከ 1933 አገሩ በክልከላው ሲተራመስ ኖረ። ላይኛው መስመር ካስጠላዎት ባዶውን ይለፉትና ወደ ሴናተሩና ወደ ተወካዩ ይውረዱ።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት ለመሆን ዲግሪ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው 35 ዓመት ዕድሜ፣ በትውልድ ዜግነትና የ14 ዓመት ነዋሪነት ነው። ሃሪ ትሩማን ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የወንዶች ልብስ ሱቃቸውም ከስሮ ነበር። የዶክትሬት ዲግሪ የነበራቸው ፕሬዚዳንት አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዊልሰን። በእሳቸው ዘመን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲሠሩ ተደረገ። በ1948 ትሩማን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር መድሎ እንዲቀር አዘዙ።