«አዲስ ማኅበር ናችሁ» ተባልን፤ ገንዘቡ የማን ነው?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ አሜሪካ ውስጥ በየዩኒቨርሲቲው ስላለው፣ ተማሪዎች ራሳቸው ስለሚመርጡት የተማሪዎች መንግሥት ናቸው። ጉዳዩ ብዙ ቤተሰብ የሚነካ ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምማር እህታችሁ ነኝ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበራችን ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ለባህል ምሽት 4,000 ዶላር ጠይቀን 600 ሰጡን። ምክንያታቸው «አዲስ ማኅበር ናችሁ፣ አምናም ብዙ አልወሰዳችሁም» የሚል ነው። ለቡና ሥነ ሥርዓቱ የጠየቅነውን ደግሞ «ምግብና መጠጥ» ብለው ጭራሽ ሰረዙት። የተማሪዎች ሴኔቱ ፊት ቀርበን ብንናገርም የሰማን ያለ አልመሰለኝም። ጠልተውን ይሆን? ምን እናድርግ?
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዢ፤ ገንዘቡ የእናንተው ነው። በየሴሚስተሩ ከትምህርት ክፍያው ጋር የሚመጣውን ቢል ዘርዝረሽ ብታዪው «የተማሪዎች ክፍያ» የምትል መስመር አለች። ሁሉም ተማሪ ይከፍላታል። ከዚያ ላይ የተወሰነው ተነስቶ ለማኅበራት የሚከፋፈለው በተማሪዎች መንግሥት በኩል ነው። ስለዚህ እዚያ ክፍል ስትገቡ ለልመና አይደለም የምትገቡት። ልጆቻችን «ይቅርታ፣ ትንሽ ብትረዱን» እያሉ ሲጀምሩ ሳይ ያመኛል።

የጠሏችሁ ግን አይመስለኝም። ችግሩ የቀረባችሁበት ሰዓት ነው። የማኅበራት በጀት በአብዛኛው የሚወሰነው ሴኔቱ ከመሰብሰቡ ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ጥቂት ልጆች በሚቀመጡበት የፋይናንስ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ሁሉም ማኅበር በአንድ ሰነድ ተጠቃሎ ነው የሚመጣው። ያኔ ለእናንተ 1,000 ዶላር ይጨመር የሚል ሴናተር ከየት እንደሚቀነስ አብሮ መናገር አለበት፤ ወይ ከሌላ ማኅበር፣ ወይ ከመጠባበቂያው። የሌላው ማኅበር ልጆች ደግሞ እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው እያዩት ነው። ማን ደፍሮ ይነሳል? ቀድማችሁ ያነጋገራችሁት አንድ ሴናተር ከሌለ፣ የሁለት ደቂቃ ንግግራችሁ ጥሩም ቢሆን ቁጥሩን አያንቀሳቅሰውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «አዲስ ናችሁ» ወደተባለው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዊስኮንሲን ማዲሰን ውስጥ ስኮት ሳውዝዎርዝ የሚባል የሕግ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «የማልደግፋቸውን ማኅበራት በግዴታ በምከፍለው ገንዘብ ልታስደግፉኝ አትችሉም» ብሎ ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1995/96 የትምህርት ዘመን አንድ ተማሪ የሚከፍለው 331 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና እ.ኤ.አ. በ2000 ዳኞቹ ዩኒቨርሲቲው ማስከፈል ይችላል አሉ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ገንዘቡ ሲከፋፈል የማኅበሩ አመለካከት መታየት የለበትም። በብዙኃኑ ዘንድ ያልተወደደ ማኅበርም እንደሌላው እኩል ይዳኛል። ልብ በይ፣ የተማሪዎች ሴኔት በድምፅ ብልጫ የሚሠራ አካል ነው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ድምፅ ብልጫ ብቻውን የገንዘብ ማከፋፈያ ሊሆን አይገባም ነው ያለው። ለእንደናንተ ዓይነቱ ትንሽ ማኅበር ይሄ ትልቅ ከለላ ነው።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ጉዳዩ ወደ ሰባተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ተመልሶ በ2002 ሌላ ውሳኔ ተሰጠ። ገንዘብ የሚያከፋፍሉት ተማሪዎች ደስ እንዳላቸው ሊወስኑ አይችሉም፤ የተጻፈ መስፈርት ያስፈልጋል ተባለ። ማኅበሩ ስንት ዓመት ቆየ፣ አምና ስንት ወሰደ የሚሉት መለኪያዎች ደግሞ ለነባርና ለታወቀ አመለካከት ስለሚያደሉ ተቀባይነት አጡ። የእናንተን ምክንያት ቃል በቃል የሚነካ ነው። ያ ፍርድ ቤት የሚያስተዳድረው ዊስኮንሲንን፣ ኢንዲያናንና ኢሊኖይን ስለሆነ አንቺ ያለሽበት ግዛት ውስጥ ይሠራል።

ታዲያ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምታደርጉት፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡን ማለት ነው። በቃል የተነገረ ምክንያት ነገ ይካዳል። ከዚያ የተማሪዎች መንግሥቱን የፋይናንስ ደንብ አውጡና ይግባኝ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ እንዳያልፋችሁ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይብቃው። «ተበደልን፣ ተናቅን» ከማለት ይልቅ «በዕድሜያችንና ባለፈው በጀታችን መለካታችን በ2002 ውሳኔ የማይፈቀድ ነው፤ በመስፈርቱ መሠረት እንደገና ይታይልን» በሉ። ቅጂውን ኮሚቴውን ለሚያማክረው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ላኩ። እሱ የሕግ ነገር ሲያይ አይተኛም። ተበድያለሁ የሚለውን ስሜት አጣጥዬው አይደለም፤ በማስረጃ ካልመጣ ኮሚቴው ለመከላከል ይመቸዋል ብዬ ነው።

ስለ ቡናው። የላካችሁልኝን የበጀት ቅጽ አየሁት። «ቡና፣ 300 ዶላር» ብላችሁ በአንድ መስመር ጽፋችሁታል። ኮሚቴው ውስጥ ያለው ልጅ ስለ ጀበናና ስለ ረከቦት የሚያውቀው የለም፤ የታየው ሰው ክፍል ከመግባቱ በፊት እየጠጣ የሚገባው ቡና ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ለምግብና መጠጥ የተለየ ጣሪያ አለ። ስለዚህ በፕሮግራሙ ሥር ራሱን የቻለ ዝግጅት አድርጋችሁ አቅርቡት። ቡናው ጥሬውን ታጥቦ ሰው ፊት ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሲፈላ፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ፣ አንዷ ልጅ ደግሞ ቆማ እያንዳንዱን ስታብራራ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ጻፉ። ዕቃውን ለብቻ፣ ቡናውን ለብቻ፣ ቄጠማና ዕጣኑን ለብቻ ዘርዝሩ። ዕጣንና ከሰል ከእሳት መከላከያ ክፍል ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላልና ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ይቀላል። እውነቱን ነው የምትጽፉት፤ የበፊቱ ቅጽ እውነቱን አሳጥሮት ነበር።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ገንዘቡ እጃችሁ ላይ አይሰጥም። አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለሻጩ ይከፍላል፤ ከማጽደቁ በፊት ከኪሳችሁ ያወጣችሁት ላይመለስ ይችላል። ለሙዚቀኛም ሆነ ለአዳራሽ ውል እናንተ አትፈርሙ። ይግባኙ ባይሳካ እንኳ በዓመቱ መካከል ለሚመጣ ጥያቄ የተቀመጠ ገንዘብ ካለ ቶሎ ድረሱበት፤ ብዙ ቦታ ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምማረው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተማሪዎች ጉባኤ አለን። መጽሔት ለማሳተም ብንጠይቅ «ለሃይማኖት አንከፍልም» አሉን። መብት የለንም ማለት ነው?

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲህ የመንግሥት ከሆነ መብት አላችሁ። እንዲያውም ነገሩ የተወሰነው እዚያው ግዛታችሁ ውስጥ በተነሳ ክስ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለክርስቲያናዊ መጽሔታቸው ማሳተሚያ 5,862 ዶላር ጠይቀው ተከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደ። ለሌሎች የተማሪ መጽሔቶች ማተሚያ ቤት እየተከፈለ፣ የእነሱ ግን በሃይማኖታዊ አመለካከቱ ምክንያት ሊቀር አይገባም ተባለ። ይሄንን «ሮዘንበርገር» በሚል ስም ያውቁታል፤ ስሙን ብቻ ስትጠራላቸው ብዙ ጊዜ ነገሩ ይለዝባል። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ሕገ መንግሥቱ እንደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ አያስገድደውም፤ ያለህ መከራከሪያ የራሱ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ የተማሪዎች ሴናተር ሆና ተመርጣለች። ማታ ማታ እኩለ ሌሊት ድረስ «ማሻሻያ»፣ «ሥርዓት» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን ስለ ሌሊት አውቶቡስ፣ አንድ ቀን ስለ ምግብ ማከፋፈያ ክፍል። ጊዜዋን እያባከነች አይደለም?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ግን እያባከነች አይደለም። ያ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ የሚመራበት ደንብ ሄንሪ ሮበርት የሚባል የጦር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ቦርድ እስከ ከተማ ምክር ቤት ብዙዎቹ በእሱ ነው የሚሠሩት። የእኛ ማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን ሰበካዎች በስብሰባ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተከፈሉ እርስዎም ያውቃሉ። ይሄን የተማረች ልጅ ትጠቅመናለች።

አውቶቡሱም ምግቡም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ተርቦ ክፍል የሚገባ ተማሪ አለ። ክርክሩ የሚረዝመው ለምን መሰልዎት? ለመጀመሪያው ዓመት ከመጠባበቂያ ማውጣት አያስቸግርም። ጥያቄው በሁለተኛው ዓመት ማን ይከፍላል ነው። ወይ ዩኒቨርሲቲው በራሱ በጀት ይረከበዋል፣ ወይ ተማሪው ድምፅ ሰጥቶ ክፍያው ይጨመራል። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ተማሪዎቹ በየሴሚስተሩ አምስት ዶላር ሊጨምሩ ድምፅ ሰጥተው የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ አቋቁመዋል። አምስት ዶላር ትንሽ ትመስላለች፤ በብድር ለሚማር ልጅ ግን በየሴሚስተሩ በሌላ አምስትና በሌላ አሥር ላይ ትደመራለች። ልጅዎ እኩለ ሌሊት ድረስ ስለዚህ ከተከራከረች፣ ጎበዝ ናት።

አንድ ነገር ግን ይጠይቋት፤ በሴናተርነት ለመቆየት የሚያስፈልግ ዝቅተኛ ውጤት ብዙ ቦታ አለ። የእሷ ስንት እንደሆነና አሁን የት እንዳለች ትንገርዎት። ከዚያ በታች ካልወረደች ይተዋት።