የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ «አንቺ ካለሽ እኛ ምን እንሠራለን?»

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ከጓደኞቼ ጋር ፋንታሲ ሮልፕሌይ እንጽፋለን፣ ሁላችንም የየራሳችን ካራክተር አለን፣ ታሪኩን በየተራ እየተቀባበልን እንቀጥላለን። የኔዋ አስማተኛ ናት። እሳት ትጠራለች፣ የሰው ሐሳብ ታነባለች፣ ቁስል ትፈውሳለች፣ ካለችበት ጠፍታ ሌላ ቦታ ትገኛለች፣ ዕድሜዋ 900 ዓመት ነው። ብዙ ለፍቼባታለሁ። ግን እሷ በገባች ቁጥር ሌሎቹ ዝም ይላሉ፣ አንዷማ ጭራሽ «አንቺ ካለሽ እኛ ምን እንሠራለን?» አለችኝ። ቀንተው ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ቅናት አይመስለኝም፣ ልጅቷ የጠየቀችሽ እኮ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። እስቲ አስቢው፣ በሩ ሲቆለፍ ያንቺዋ ውስጥ ትገኛለች፣ ሰላይ ሲመጣ ሐሳቡን ታነባለች፣ ሰው ሲቆስል ታድናለች፣ ታዲያ ቁልፍ የሚሰብረው ሌባና ሰው አናግሮ ምስጢር የሚያወጣው ነጋዴ ለምን መጡ? ብቻሽን ልቦለድ ብትጽፊ ማንም አይናገርሽም፣ እዚህ ግን ሌሎቹም ተራቸውን የሚጠብቁ ጸሐፊዎች ናቸው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው፣ እንደናንተው እያንዳንዱ ካራክተር ይዞ ታሪክ የሚጫወትበት ጌም በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፈጣሪዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አስማተኛውን እንዴት በገደብ እንዳሰሩት ብታዪ ትገረሚያለሽ። ጥሩር መልበስ አይችልም፣ ከጩቤ ሌላ መሣሪያ አይዝም፣ ጀማሪ ከሆነ ደግሞ በቀን ያለው 1 ድግምት ብቻ ነው፣ እሱንም ከመጽሐፉ አጥንቶ ይይዘዋል፣ አንዴ ከተጠቀመበት ከጭንቅላቱ ይጠፋል፣ በቃ እንደገና እስኪያጠና ድረስ ጩቤ የያዘ ተራ ሰው ነው። እርግጥ በኋላ በጣም ላልቷል፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ትንንሾቹን ድግምቶች ያለ ገደብ መጠቀም ይቻላል፣ ግን እዚያም ቢሆን ትኩረት የሚፈልጉትን ድግምቶች ሁለቱን ባንዴ መያዝ አይቻልም፣ ይዘሽ ሳለ ከተመታሽ ደግሞ ሊቋረጥብሽ ይችላል። ያን ጊዜ አስማተኛው ጥሩር የለበሰ ሰው ከፊቱ እንዲቆምለት ይፈልጋል፣ ማለት ሌላው ተጫዋች ሥራ አገኘ።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ከአራቱ ችሎታ ሦስቱን ጣይ። አውቃለሁ ያማል። እኔ ብሆን ሐሳብ ማንበቡን ብቻ እይዝ ነበር ምክንያቱም እሳት የሌለበት ሮልፕሌይ የለም። ከዛ ዋጋ አውጪለት፣ ዋጋ ስልሽ ግን «በጣም ደከማት» የሚለውን አይደለም፣ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል፣ ቀጥሎ ያለው ፖስት ላይ ድና እየሮጠች ናት። ጥሩ ዋጋ ለሌላው ጸሐፊ የሚጽፈው ነገር የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ ሐሳብ የምታነበው እጅ ስትይዝ ብቻ ይሁን፣ የተያዘው ሰውም በዚያው ቅጽበት የእሷን አንድ ትዝታ ይይ። አሁን ሰላዩን መያዝ ትፈልጊያለሽ ግን እሱም ያንቺን ገመና ያያል፣ ያየውን የሚጽፈው ደግሞ ሰላዩን የሚጫወተው ጓደኛሽ ነው፣ ከታሪኩ ውጪ ትነጋገሩና የትኛው ትዝታ እንደሆነ ትስማማላችሁ። እንደዚህ ከሆነ እሷ ስትገባ ዝም የሚል ሰው አይኖርም።

ዕድሜዋንም ብታስቢበት ደስ ይለኛል፣ 900 ዓመት ኖራ በአንድ ቃል የምታኮርፍ ከሆነ 19 አድርጊያትና እንገላገል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ «የእሳት ኳስ ወረወርኩበት ደረቱን መታው ወደቀ» ብዬ ብጽፍ ጎድሞዲንግ ነው፣ እንደ አምላክ የሌላውንም ካራክተር ዕጣ ትወስናለህ ብለው ጮኹብኝ። ታዲያ አስማተኛ ካልመታ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ይምታ፣ ግን መውደቁን አንተ አትጻፍ። ያንተ ድርሻ እስከ መወርወሩ ነው፦ «መዳፉ ላይ የተጠቀለለውን እሳት ደረቱን አነጣጥሮ ለቀቀው» ትልና ታቆማለህ፣ ተቃጠለ፣ ጎንበስ አለ፣ በጋሻ መለሰው የሚለውን የዚያ ካራክተር ባለቤት ይወስናል። እሱም ሁልጊዜ ካመለጠ ያው ጎድሞዲንግ ነው እንዳትለቀው፣ አልፎ አልፎ መመታት አለበት። አለዚያ ዳይስ ጣሉና ጸቡ ይለቅ።

ደግሞ ከመወርወርህ በፊት ማን የት እንደቆመ ጠይቅ። ቅድም ባነሳሁት ጌም የእሳት ኳስ 6 ሜትር ገደማ ራዲየስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው የሚያገኘው፣ ወዳጅ ጠላት ብሎ አይለይም፣ ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወረወርከው ጓደኞችህንም ጠበስካቸው። እሱ ራሱ ጥሩ ትዕይንት ነው፣ ከተስማሙ።

ሰውን በድግምት መቆጣጠር ግን ለብቻው ነው የማየው። ያፈዘዝከው ካራክተር የሌላ ሰው ነው፣ ከእጁ ልትቀማው ነው፣ እና መጀመሪያ በግል መልእክት «ይህን ላደርግ ነው፣ ይመችሃል? እስከ መቼ?» ብለህ ጠይቅ፣ አይመቸኝም ካለ እዚያው ያበቃል፣ ካራክተሬ ክፉ ስለሆነ ነው የሚል ክርክር አልቀበልም። እሺ ካለህ ደግሞ ትእዛዙን አንተ ስጥ፣ አፈጻጸሙን እሱ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ፈዋሽ መሆን አስቤ ነበር ግን ሁሉንም ካዳንኩ ታሪኩ አይሞትም?

መልስ፦ ሁሉንም ካዳንሽ አዎ። ገደቡን መጀመሪያውኑ ጽፈሽ ለግሩፑ አሳውቂ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ላይ ሙት የሚያስነሳ ድግምት አለ፣ 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይፈልጋል፣ አልማዙም እዚያው ያልቃል፣ ሰውየው ከሞተ 10 ቀን ካለፈው ደግሞ አይሠራም። በ10 ቀን ውስጥ አልማዝ ፍለጋ ማለት እኮ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ ሁሉም ይሳተፍበታል።

ጥያቄ፦ ለካራክተር ስንት ገጽ ታሪክ ይበቃል? ስምስ እንዴት ይመረጣል?

መልስ፦ ግማሽ ገጽ። ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደማይችል፣ ከሌሎቹ ካራክተሮች ቢያንስ አንዱን ከየት እንደሚያውቀው። የቀረውን ስትጽፉ ይመጣል፣ አሁን ከጨረስከው ሌሎቹ የሚጨምሩት አይኖርም። ስሙን ደግሞ አጭር አድርገው፣ በየፖስቱ የሚታይፑት ሌሎቹ ናቸው፣ ዘጠኝ ፊደል ያለው ስም ብትሰጠው በሁለተኛው ቀን «ጠንቋዩ» ብለው ነው የሚጠሩት።