ባትሪው ተነቅሏል፤ ዝቃጩ ግን አሁንም ይበላል

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የጻፉልኝ መምህር ከዕቃ ቤት ያወጡት ባለ 486 ፕሮሰሰር የድሮ ኮምፒውተር ይነሳል፤ ነገር ግን ኪቦርዱ አይሠራም፤ ቀኑም እየደጋገመ ወደ ፈረንጆቹ 1980 ይመለሳል። ከዓመታት በፊት አንድ ጠጋኝ «ባትሪውን ቀይሬዋለሁ» ብሏቸው ነበር። አሁን አቧራውን ለማራገፍ ፓወር ሳፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን፣ ሊከፍቱት ነው።

እርሱን አይክፈቱ! ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሕመሙ ከዚያ አይመስለኝም። ማዘርቦርዱን (ዋናውን ሰሌዳ) አውጥተው የኪቦርዱን ሶኬት ዙሪያ ይዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ፣ ጥፋቱ ቀንና ሰዓቱን ትጠብቅ የነበረችው፣ በርሜል የምትመስለው የድሮዋ 3.6 ቮልት ባትሪ ነው። ጠጋኙ ነቀላት እንጂ ያፈሰሰችውን አላጠበም።

ብዙዎች ፈሳሹን አሲድ ነው ይላሉ፤ አይደለም። የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ፖታሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ይህ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት በነበረው የአመድ ውሃ ውስጥ ያለው ነው። የአመድ ውሃ በጣት መሐል እንዴት እንደሚያሟልጭ ያውቃሉ። እርጥበትም ይስባል፤ የመንዝ ሌሊት ያቀዘቀዘው ብረት ጠዋት ሲያልበው ቅርፊቱ ያንን ጠጥቶ እንደገና ይረጥባል፤ በቦርዱ አረንጓዴ ቀለም ሥር እየሰረገም መዳቡን ይበላል። ባትሪው ከሄደ በኋላም ያላቆመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ አሲድ የሆነው አቼቶ ነው። ጓንት አድርገው በጥርስ ብሩሽ ይሹት፤ አረፋው እስኪያቆም ይድገሙት። በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል አጥበው ሁለት ቀን ያድርቁት። ከዚያ ከሶኬቱ የሚነሱትን መስመሮች በቴስተር አንድ በአንድ ይለኩ፤ የተቆረጠውን በቀጭን ሽቦ ይቀጥሉ። ሶኬቱ አጠገብ ትንሽ ፊውዝ ካለች እርሷንም አይርሱ።

ጠጋኙ በነቀላት ፈንታ የለጠፋት እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ካለች ትነሳ። ቦርዱ ለሚሞላ ባትሪ የተሠራ ስለሆነ ወደ እርሷ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ እርሷ ደግሞ አትሞላም፤ ልትፈነዳ ትችላለች። ይህን ሳያውቅ ካውያ የሚያነሳ ሰው ያናድደኛል! በእርሷ ፈንታ ሦስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች በመያዣ አድርገው በረጅም ሽቦ ከሳጥኑ ውጭ ያንጠልጥሉ፤ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ያስገቡ፤ የዳዮዱ ቀለበት ወደ ቦርዱ ይሁን። ርካሾቹን ድንጋዮች አይግዙ፤ የውስጣቸው ፈሳሽ ሌላ ቢሆንም እነርሱም ቶሎ ያፈስሳሉ።

መልሰው ሲያስቀምጡት ድንጋዮቹን አውጥተው በጥጥ ጨርቅ ሸፍነው ከመሬት ከፍ ያድርጉት። የፓወር ሳፕላዩን አቧራ ከውጭ በብሩሽ ይጥረጉ፤ አይክፈቱት ብያለሁ።