ጠይቁን፦ ቁልቁል ተሩጦ ሪከርድ አለ እንዴ?

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ከጎንደር ፒያሳ፦ ታናሽ ወንድሜ ከፒያሳ ወደ አዘዞ 10 ኪሎ ሮጦ በስልኩ አፕ ለክቶ 29 ደቂቃ ገባሁ አለን፣ ጓደኞቹማ ፌዴሬሽን ይወቅለት እያሉ ነው። እኔ ቁልቁለት አይቆጠርም ብዬው ተኳርፈናል። ማነው ልክ?

እህታችን አንቺ ነሽ ልክ፣ ግን ልጁንም አታሳዝኚው፣ ቁልቁልም ቢሆን 29 ደቂቃ ቀልድ አይደለም። የጎዳና ላይ ሪከርድ እንዲጸድቅ መድረሻው ከመነሻው ዝቅ የሚለው ቢበዛ በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ነው፣ ለ10 ኪሎ 10 ሜትር ማለት ነው፣ የአዘዞ መንገድ ደግሞ ሞተሩ የጠፋ ባጃጅም ይወርደዋል። ሌላም አለ፣ መነሻና መድረሻው በቀጥታ ሲለካ ከውድድሩ ርቀት ከግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም፣ አለዚያ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ሊያደርስህ ነው። በዚህ ህግ የተቃጠለው ወንድምሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ ማራቶንን 2:03:02 ገባ፣ የዚያን ጊዜ የዓለም ሪከርድ ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ የሮጠው 2:03:59 ነበር፣ እና 57 ሴኮንድ ፈጥኖም ሪከርዱ የኃይሌ ሆኖ ቀጠለ፣ የቦስተን መንገድ ቁልቁል ስለሚወርድና ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ። የስልኩን ነገር ተዪው፣ ለሪከርድ የሚሆን መንገድ የሚለካው ቆጣሪ በተገጠመለት ልዩ ብስክሌት ነው። ልጁ ትራክ ላይ 25 ዙር (10 ኪሎ) ይሩጥና ያኔ እናውራ።

ከማራኪ፦ ቀነኒሳ በርሊን ሄዶ የሮጠው እንዴት የኢትዮጵያ ሪከርድ ይባላል? እዚህስ ለምን አይሰበርም?

የአገር ሪከርድ የሚያየው የሯጩን ዜግነት ነው፣ የትም ይሩጠው። በ2019 በርሊን ላይ የገባበት 2:01:41 የኢትዮጵያ ሪከርድ ሆነ፣ ከኬንያዊው ኪፕቾጌ የዚያን ጊዜ የዓለም ሪከርድ የዘገየው በ2 ሴኮንድ ብቻ ነው (እቺ 2 ሴኮንድ እስከዛሬ ታንገበግበናለች)። የ10 ሺውም እንዲሁ፣ በ2005 ብራስልስ ላይ 26:17.53 ሮጦ የዓለም ሪከርድ አድርጎት ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌይ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 26:11.00 እስኪገባ 15 ዓመት ማንም አልነካውም።

እዚህ የማይሰበረው በከፍታው ምክንያት ነው። ከ2000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ኦክስጅን ያንሳል፣ ለረጅም ርቀት ልምምድ ጥሩ ለሰዓት ግን መጥፎ፣ ስለዚህ ልጆቻችን እዚህ ይሠራሉ እዚያ ወርደው ይሰብራሉ። ለአጭር ርቀትና ለዝላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ስስ አየር አይከለክልህም። ከጎንደር ብዙ በማይበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ በ1968 ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን ርዝመት 8.90 ሜትር ዘለለ፣ ማይክ ፓወል በ1991 8.95 እስኪዘል ድረስ ሪከርዱን የሰበረው የለም። እኛ አገር ግን ዝላይ ማን ያሠለጥናል፣ ሁሉም 10 ሺ ነው የሚለው።

ከአዘዞ፦ ሶሉ ወፍራም የሆነ የሩጫ ጫማ ልገዛ ነው፣ ያግዱኛል እንዴ?

ለልምምድ ማንም አይነካህም፣ ለውድድር ከሆነ ሶሉን ለካ። ጎዳና ላይ ቢበዛ 4 ሴንቲ፣ ትራክ ላይ 2 ሴንቲ ነው የሚፈቀደው። የኛው ደራራ ሁሪሳ በ2021 ቪየና ማራቶን አንደኛ ገብቶ ከዚያ ጫማው ሲታይ 5 ሴንቲ ሆኖ ተገኘና ተሰረዘ፣ ድሉም ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። 42 ኪሎ ሮጦ በ1 ሴንቲ!